የምስር ፍሬ የምታክል ብር

ማታ ማታ፣ ሰፈሩ ሁሉ ምጣድና ምድጃውን በሚሰካበት ሰዓት፣ ፍሪጁ አጠገብ ያለው ስታብላይዘር «ቀጭ... ቀጭ፣ ቀጭ» ሲል ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? እንግዲያውስ የዛሬውን ጉዳያችንን፣ ስሙን ባታውቁት እንኳ፣ ድምፁን ታውቁታላችሁ። እሱ ሪሌ ይባላል። ቀጭ የሚለው ደግሞ የምስር ፍሬ የምታክል ብር ከእኩያዋ ጋር ስትገጥምና ስትላቀቅ ነው። ብር ስንል የኪሱን ማለታችን አይደለም፤ ማዕድኑን፣ አንጥረኛ መስቀል የሚሠራበትን ብር ነው። (መቼም ጎጃም ላይ ቆሞ «ብር» ማለት ሰው ማደናገር ነው፤ በፍኖተ ሰላም አካባቢ የሚፈሰውም ወንዝ ስሙ ብር ነው።)

ዛሬ የምንሟገተው ይቺ ብር ለምትቀመጥበት መቀመጫ ነው። ይበልጥ ግልጽ እናድርገው ካላችሁ፣ ያንን መቀመጫ ወደፊትና ወደኋላ ለምታስኬድ አንዲት ብሎን። አትሳቁ። ይቺ ብሎን በመጥፋቷ ወፍጮ ይቆማል፣ ሞተር ይቃጠላል፣ ሲብስም የሰው ጣት ይሄዳል።

ከመካከላችን የፍኖተ ሰላምና የቡሬ ልጆች አለን። ቤተሰብ ጥየቃ ስንሄድ የምናየው ነገር አዲስ አበባ ከምናየው ፍሪጅ ይለያል። ገጠሩ ውስጥ ሪሌ ማለት፣ ወይም የሪሌ ታላቅ ወንድም የሆነው ኮንታክተር ማለት፣ ወፍጮ ቤት ነው። ድሮ የናፍጣ ወፍጮ ነበር፤ ጭስ ማውጫው ኩክ ኩክ ሲል ከሩቅ ይሰማና እናቶች በድምፁ ሰዓቱን ያውቁ ነበር። በ1998 ዓ.ም አካባቢ የገጠር ኤሌክትሪክ ማስፋፊያው ፕሮግራም ከተጀመረ ወዲህ በመንገድ ዳር ያሉት ቀበሌዎች ቀስ በቀስ ወደ ሞተር ወፍጮ ዞሩ። ናፍጣው ቀረ፣ ጭሱ ቀረ። በምትኩ ግድግዳው ላይ አንድ ሳጥን ተሰቀለ፤ አረንጓዴና ቀይ ቁልፍ ያለው። ባለ ወፍጮው አረንጓዴውን ሲጫን ሳጥኑ ውስጥ «ጧ» ይልና ሞተሩ ይነሳል። ያ «ጧ» ነው እንግዲህ የችግሩ ቤት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሳጥኑ ውስጥ ጥቅል ሽቦ አለ። ኤሌክትሪክ ሲያገኝ ማግኔት ይሆንና አንድ የብረት ምላስ ይስባል። ምላሱ የተሸከመው ብር ከፊት ለፊቱ ከተቀመጠው ብር ጋር ይገጥማል፤ ኃይሉም ወደ ሞተሩ ያልፋል። ኤሌክትሪኩ ሲቋረጥ ሞላው ምላሱን መልሶ ይገፋዋል፣ ብሮቹም ይላቀቃሉ። በቃ ይኸው ነው። አሜሪካዊው ጆሴፍ ሄንሪ እ.ኤ.አ በ1835 ከሠራው ጀምሮ ሐሳቡ አልተለወጠም። ሪሌ የሚለው ስም ራሱ የመጣው ከፈረስ ነው፤ ፖስታ አድራሹ መንገድ ላይ ፈረሱ ሲደክምበት በሌላ የሚለውጥበት አሠራር ሪሌ ይባል ነበርና። የደከመውን ምልክት ተቀብሎ በአዲስ ጉልበት ወደፊት መላክ ማለት ነው። (የአዊ ፈረሰኞች ቢሰሙ ደስ ይላቸዋል።)

አሁን ወደ ጉልበቱ እንምጣ፤ ምክንያቱም ዋናው ነገር እዚህ ላይ ነው። ቮልቴጅ ሲወርድ የማግኔቱ ጉልበት የሚወርደው በዚያው መጠን አይደለም፤ በካሬው ነው። 220 ቮልት መሆን የነበረበት 170 ሲሆን እኛ «ትንሽ ወረደ» እንላለን፤ መብራቱ ቢጫ ይሆናል፣ እንለምደዋለን። ማግኔቱ ግን ጉልበቱ ወደ 60 በመቶ ወርዷል። ሞላው ደግሞ ቮልቴጅ ወረደ ብሎ አያዝንም፤ እንደ ድሮው ይገፋል። ስለዚህ ምላሱ ሙሉ በሙሉ አይገጥምም፤ ይንቀጠቀጣል፣ «ትርርር» ይላል። በተንቀጠቀጠ ቁጥር ብሮቹ መካከል እሳት ይዘላል። እሳቱ ብሩን ያቀልጣል፣ ያጠቁራል፣ አንዳንዴም ሁለቱን አንድ ላይ ይበይዳቸዋል። ከተበየዱ ቀዩን ቁልፍ ብትጫኑም ሞተሩ አይቆምም።

የኮንታክተር ፋብሪካዎች የሚከተሉት ዓለም አቀፍ መስፈርት ዕቃው ከተጻፈበት ቮልቴጅ ከ85 እስከ 110 በመቶ ባለው ክልል ውስጥ በትክክል እንዲገጥም ያዛል። ለ220 ስናሰላው ከ187 እስከ 242 ማለት ነው። ከ187 በታች ከሆነ ፋብሪካው ዕዳ የለበትም፤ ቃሉን ጠብቋል። ዕዳው ያለበት ማን እንደሆነ ለጊዜው እንተወውና፣ ከትራንስፎርመሩ ርቆ በቀጭን ሽቦ ጫፍ ላይ የተንጠለጠለ ወፍጮ ቤት ያለው ሰው ማታ ማታ ስንት ቮልት እንደሚያገኝ ሄዳችሁ ለኩ። ያን ጊዜ መስፈርቱ የተጻፈው ለሌላ ሰው እንደሆነ ይገባችኋል።

ሌላው ጉዳይ እርጅና ነው። ቮልቴጁ ጥሩ በሆነበት ቦታም ብሩ ባላቀቀ ቁጥር ትንሽ ትንሽ ያልቃል። ብልህ ንድፍ አውጪ ይህን ስለሚያውቅ ሁለቱ ብሮች ከተነካኩ በኋላ ምላሱ ትንሽ አልፎ እንዲገፋ ያደርጋል፤ ያ ትርፍ ግፊት ነው መጋጠሚያውን ጥብቅ የሚያደርገው። ብሩ ሲሳሳ ትርፉ ያልቃል። አሁን ብሮቹ ይነካካሉ እንጂ አይጨባበጡም። የላላ ጨበጣ ደግሞ ይሞቃል፤ ሙቀቱ ፕላስቲኩን ያቀልጣል፤ ከሦስቱ መስመር አንዱ ያልገጠመ እንደሆነ ሞተሩ በሁለቱ ብቻ ሲያጓራ ቆይቶ ይቃጠላል። የብሩ ግማሽ ገና እያለ ማለት ነው! ከኋላው ገፋ የሚያደርገው ስላጣ ብቻ።

በዚህ ጊዜ ባለሙያው ምን ያደርጋል? ይሞርዳል። በፒንሳ ያጣምማል። ሞላውን ይቆርጣል። ሁሉም ሲያቅተው የመጨረሻው መፍትሔ አለ፤ እሱን አንድ ወፍጮ ቤት ውስጥ በዓይናችን አይተነዋል። ኮንታክተሩ ላይ አንዲት ቁራጭ እንጨት ተወትፋለች፤ ምላሱን ተጭና ይዛለች።

«ጋሼ፣ ይቺ እንጨት ምንድን ናት?»

«እሷማ ረዳቴ ናት፣ ልጄ። እሷ ባትኖር ዛሬ ማን ይፈጭ ነበር?»

እውነቱን ነው። ውጭ ያለውን ሰልፍ ላየ ሰው በእሱ መፍረድ ይከብዳል። በአህያና በጀርባ በቆሎና ዳጉሳ ጭነው ሌሊት የተነሱ ሴቶች ናቸው፤ ዛሬ ካልተፈጨላቸው ያንኑ እህል ተሸክመው ይመለሳሉ። ግን ያቺ ረዳት ምን እንደሠራች እንመልከት። ኮንታክተር ማብሪያ ብቻ አይደለም፤ ዘበኛም ነው። ኤሌክትሪክ ሲጠፋ ይለቃል፤ ሲመለስም ሰው አረንጓዴውን ካልተጫነ ሞተሩን አያስነሳም። እንጨት የተወተፈበት ኮንታክተር ግን አይለቅም። መብራት ሄደ ብሎ አንዱ እጁን ወደ ቺንጋው ወይም ወደ ድንጋዩ ሲሰድድ መብራቱ ቢመጣ፣ ሞተሩ ማንንም ሳይጠይቅ ይነሳል። ወፍጮ ደግሞ እህልንና ጣትን አይለይም።

ሰዎች እዚህ ላይ «የግንዛቤ እጥረት ነው» ይላሉ። ሥልጠና ይዘጋጅ፣ ፖስተር ይለጠፍ። እኛ አንስማማም። ባለ ወፍጮው አደጋውን ከእኛ በላይ ያውቀዋል። እንጨቷ የመጣችው ከድንቁርና ሳይሆን ዕቃው ሌላ የሚነካ ቦታ ስላልተወለት ነው። ማስተካከያ ያልተሰጠው ሰው የራሱን ማስተካከያ ይፈጥራል።

ድሮ ግን እንዲህ አልነበረም። የመጀመሪያዎቹ የቴሌግራፍ ሪሌዎች በብሎን የተሞሉ ነበሩ፤ የማይንቀሳቀሰው ኮንታክት በብሎን ጫፍ ላይ ነው የሚቀመጠው፣ ሞላውም የሚጠብቅበትና የሚላላበት ማስተካከያ አለው። ለምን? መስመሩ መጥፎ ስለነበር። ዝናብ ሲዘንብ ኃይሉ በእርጥቡ ምሰሶ ወደ መሬት ይሾልካል፤ ደረቅ ቀን ላይ ይበረታል። ስለዚህ ቴሌግራፈኛው እንደ አየሩ ሁኔታ ሪሌውን ያስተካክል ነበር፤ እንደ ክራር ቅኝት። እኛም አገር እ.ኤ.አ በ1894 ምኒልክ ከሐረር አዲስ አበባ የሚወስደውን 477 ኪሎ ሜትር መስመር ሲያስጀምሩ ዓለም ገና በዚያ ዘመን ላይ ነበረች። በኋላ የፈረንጆቹ መስመር ተሻሻለ፣ ቮልቴጁም ጸና። ያን ጊዜ ፋብሪካዎቹ «ብሎኗ ምን ታደርጋለች?» አሉ። ኮንታክቱን በቦታው ቸነከሩት፣ በፕላስቲክ አሸጉት፣ ዋጋውም ረከሰ። ለእነሱ ትክክል ነበር።

እኛ ያለን ግን የዚያ የድሮው መስመር ነው፤ የምንገዛው ደግሞ የአሁኑን ሪሌ። ክርክራችን በአጭሩ ይኸው ነው። መጥፎ መስመር ላይ ያለ ሰው ለመጥፎ መስመር የተሠራ ዕቃ ይገባዋል፤ በርካሽ ዕቃ የተሞላውን ገበያ ሰምቶ «አይ፣ ይህ ኋላ ቀር ነው» የሚል መሐንዲስ ቢኖር ሄዶ 170 ቮልት ላይ ይሞክረው።

ብሎኗ ምን እንደምትመስል ለማየት ሙዚየም መሄድ አያስፈልግም። አባቶቻችን ቮልስዋገንና ላዳ ሲነዱ የነበሩ ልጆች ታውቁታላችሁ። የሞተሩ ማቀጣጠያ ውስጥ የሚከፈትና የሚዘጋ ኮንታክት ነበር። በቮልስዋገኗ ላይ ክፍተቱ 0.4 ሚሊ ሜትር ይሆናል። መቀመጫው ሞላላ ቀዳዳ አለው፤ ብሎኑን በካቻቪቴ ላላ ታደርጋላችሁ፣ ስስ የብረት ቅጠል መለኪያ ታስገባላችሁ፣ ገፋ ታደርጋላችሁ፣ ታጠብቃላችሁ። ይህን መንገድ ዳር ዛፍ ጥላ ሥር የማይሠራ መካኒክ አልነበረም። ዲግሪ አልጠየቀም። መቀመጫው ራሱ «እዚህ ጋ ንካኝ» ይል ነበር።

ለወፍጮው ሳጥንስ? ብዙ አስበንበታል፤ ከመካከላችን ኤሌክትሪካል የተማረው ደግሞ ንድፉን ወረቀት ላይ ሞነጫጭሮ አስቸግሮናል። የማይንቀሳቀሰው ብር በናስ ብሎን ጫፍ ላይ ይገጠም። ብሎኑ ጥርስ በወጣለት የናስ ቅንፍ ውስጥ ይለፍ። ከኋላ መቆለፊያ ዳዶ ይኑረው፣ ምክንያቱም ወፍጮ ቤት ግድግዳው ሳይቀር ይንቀጠቀጣል፤ ዳዶ የሌለው ብሎን በሳምንቱ ራሱን ፈትቶ ይወድቃል። አራት ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ተራ ብሎን አንድ ሙሉ ዙር ሲዞር 0.7 ሚሊ ሜትር ይጓዛል፤ ሩብ ዙር 0.175። ማለትም ዓይን የማያየውን እጅ ሊለካው ይችላል። ኃይሉ ግን በብሎኑ ጥርስ በኩል እንዲያልፍ መተው የለበትም፤ ጥርስ ላይ ያለው ንክኪ ክፍተት ይኖረዋል፣ ይሞቃል። ከብሩ እስከ መውጫው ድረስ በተጠለፈ የመዳብ ሽቦ ይታሰር። ሁለተኛዋ ብሎን የምላሱን ሞላ ትያዝ፤ እሷ ናት ለዝቅተኛው ቮልቴጅ የምታገለግለው። እዚህ ላይ ግን ነጻ ነገር የለም፤ ሞላውን ባላላችሁ ቁጥር በትንሽ ቮልት ይገጥማል፣ በዚያው ልክ ሲለቅ ይዘገያል፣ የሚዘለውም እሳት ይረዝማል። ስለዚህ ብሎኗ ከዚህ በላይ አልሄድም የምትልበት ማቆሚያ ያስፈልጋታል። ያለ ማቆሚያ የሚስተካከል ነገር መስጠት ከእንጨቷ ብዙም አይሻልም።

ተቃውሞ እንደሚኖር እናውቃለን፤ አንዱ ከባድ ነው። ሦስት ፌዝ ላይ ሦስቱም ኮንታክት እኩል መግጠም አለባቸው። ፋብሪካ የቸነከረው መቀመጫ ይህን እኩልነት ይጠብቃል፤ ሰው የሚያዞረው ግን ሊያዛባው ይችላል። እውነት ነው። መልሳችን ሦስቱ ብሮች በአንድ ድልድይ ላይ ተቀምጠው በአንድነት እንዲገፉ፣ የየግላቸው ብሎን ደግሞ ለጥቂቱ ልዩነት ብቻ እንዲሆን ነው፤ መጨረሻ ላይ በአምፖል እየሞከሩ ማስተካከል ይቻላል። ይከብዳል? ይከብዳል። የናፍጣ ሞተር ቫልቭ ሲያስተካክሉ የኖሩ እጆች ያልሠሩት ግን አይደለም። ትንንሾቹን የስታብላይዘር ሪሌዎች በተመለከተ ክርክር አናነሳም፤ እነሱ ታሽገው ይኑሩ፣ ሶኬት ላይ ይቀመጡና ሲሞቱ ተነቅለው ይለወጡ። ትልልቆቹ ኮንታክተሮችም ብሩ ብቻ የሚቀየርላቸው ዓይነት በገበያ አሉ፤ ጨረታ የሚያወጣ መሥሪያ ቤትና ከመርካቶ የሚያመጣ ነጋዴ ቢያንስ ይህንን መጠየቅ ይችላል።

«መስመሩን ማስተካከል ነው እንጂ!» የሚሉም አሉ። ይስተካከላ፤ ማን ጠላ? ጳጉሜን 2017 ላይ 5,150 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው የሕዳሴ ግድብ ተመርቋል፤ ዓባይ ራሱ ከሰከላ፣ ከግሽ ዓባይ፣ ከዚህችው ምዕራብ ጎጃም ነው የሚነሳው። ቡሬም በ2013 ዓ.ም የግብርና ማቀነባበሪያ ኢንዱስትሪ ፓርኩንና ፊቤላ የዘይት ፋብሪካን አስመርቃለች። እንደዚህ ያለ ፋብሪካ የራሱ ኤሌክትሪሻን፣ የራሱ የመለዋወጫ መጋዘን ይኖረዋል። ከቡሬ ወጣ ብሎ ያለው ወፍጮ ግን በዚያው በቀጭኑ ሽቦ ጫፍ ላይ ነው። ከዚያም ከ2015 ዓ.ም ማብቂያ ወዲህ በነበሩት የግጭት ዓመታት ምን እንዳየን አንርሳ፤ መንገድ በተዘጋ ቁጥር አንድ ኮንታክተር ከአዲስ አበባ ፍኖተ ሰላም ለማድረስ ስንት ቀን ይፈጃል? በእንዲህ ያለ ጊዜ የሚጣል ዕቃና የሚጠገን ዕቃ ልዩነታቸው የዋጋ አይደለም። የቀጣዩ ሳምንት እንጀራ ነው።

ማን ይሥራው ለሚለው ጥያቄ እኛ ሁለት ሰዎችን አንድ ጠረጴዛ ላይ ማስቀመጥ እንፈልጋለን። አንደኛው የቴክኒክ ተማሪው ነው። ባሕር ዳር ፖሊ ቴክኒክ በሶቭየቶች እርዳታ ከተከፈተበት ከ1955 ዓ.ም ጀምሮ ይህ አካባቢ መሐንዲስና ቴክኒሻን አጥቶ አያውቅም። የመመረቂያ ሥራዎቻችንን ስንመለከት ግን ስማርት በር፣ ስማርት መብራት፣ ስማርት ቆሻሻ ማጠራቀሚያ... (እኛም ከሠሪዎቹ ነን፤ አትቀየሙን)። ሁሉም ስማርት ነው፤ 170 ቮልት ላይ የሚሠራ ግን የለም። ስለ ኤሌክትሪክ ደወል የተማርነው በዛፍ ላይ የተሰቀለ የመኪና ቸርኬ በድንጋይ እየተመታ በሚደወልበት ትምህርት ቤት ነው፤ በመጽሐፉ ሥዕል ላይ ግን ያቺው የኮንታክት ብሎን ነበረች። ለፈተና ስሟን ጽፈን አለፍናት።

ሁለተኛው ሰው አንጥረኛው ነው። ብር ቀልጦ እንዴት እንደሚሄድ፣ ከናስ ጋር እንዴት እንደሚያያዝ፣ በስንት ምት እንደሚጠነክር ከትውልድ ትውልድ የሚያውቅ እጅ ጎጃም ውስጥ አለ። «ቡዳ» እያልን ከማዕድ ስናርቀው የኖርነው እሱን ነው። የድሮው ማርትሬዛ 83 በመቶ ያህሉ ብር፣ ቀሪው በአብዛኛው መዳብ ነበር። ዛሬ በዓለም ላይ ለኮንታክት ከሚያገለግሉት ቅይጦች አንዱ 90 በመቶ ብርና 10 በመቶ መዳብ ነው፤ ፈረንጆቹ ስሙን እንኳ የሳንቲም ብር ብለውታል። ለወፍጮ ሞተር ዓይነት ከባድ ሥራ ከዚህ የበረታ ቅይጥ ይመረጣልና ነገ ተነስታችሁ የአያታችሁን ማርትሬዛ አትቅለጡ። ቅይጡ ከፋብሪካ ይምጣ። ያንን ብር በናስ ብሎን ጫፍ ላይ አስተካክሎ ለመግጠም ግን ከአንጥረኛው የተሻለ እጅ ከየት እናመጣለን?

ፍኖተ ሰላም ወይም ቡሬ ሆናችሁ ይህን ለመሞከር ያሰባችሁ ካላችሁ፣ ፈተናው ከባድ መሣሪያ አይጠይቅም። ቮልቴጅ የሚቀያየርበት ትራንስፎርመር ፈልጉና ጥቅሉን 170 ላይ አድርጉት፤ «ትርርር» ካለ አልሠራም። ጸጥ ብሎ ከገጠመ ሞተር አስነሱበት፣ አጥፉ፣ ደግማችሁ አስነሱ፤ በመቶዎች ጊዜ። ብሩ ሲሳሳ መጋጠሚያው ላይ ያለውን የቮልቴጅ ብክነት በሚሊ ቮልት መዝግቡ። ከዚያ ዋናውን መስመር ሙሉ በሙሉ ቁረጡ፣ መቁረጣችሁን በመሞከሪያ አረጋግጡ፣ ዳዶውን ፈትታችሁ ብሎኑን ሩብ ዙር ብቻ አዙሩና እንደገና ለኩ። ቁጥሩ ወርዶ ከሆነ ያንን ሳጥን ይዛችሁ ወደ አንድ ወፍጮ ቤት ሂዱና እንጨቷን ንቀሉ።